«ዊንዶውሱ ጠፋ» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደወለ። በዚያ ሰዓት የሚደውለው ወይ ብር ሲቸግረው ነው፣ ወይ ላፕቶፑ ሲያስቸግረው።

«ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ጠፋ!»

«እንዴት ጠፋ?»

«ሊኑክሱን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳደግኩት። ሪስታርት ሳደርገው ምርጫው ራሱ የለም። ቀጥ ብሎ ሊኑክስ ውስጥ ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ ዊንዶውሱ ላይ ነው ያለው።»

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሲስተም አለው፤ ዊንዶውስና፣ ልክ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሌላው ሲስተም ሊኑክስ። ለካ ከእኔ በፊት ሰፈሩ ያለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወስዶት ኖሯል። ባለሙያው ለአንድ ደቂቃ ያህል አየና «ፎርማት ይደረግ» አለው። ደግነቱ ልጁ ኪሱ ውስጥ ብር አልነበረውም። ቢኖረው ኖሮ የአራት ዓመት ፋይሉ በዚያው ማታ አፈር ይበላ ነበር።

ላፕቶፑን ዝጋው አልኩት። መልሰህ ስትከፍተው ኤፍ 12ን ደጋግመህ ንካ። (የእሱ ላፕቶፕ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 9 ነው። ሌሎች ደግሞ ኢስኬፕ ወይም ሌላ ቁልፍ አላቸው።) ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያየውን ማንበብ ጀመረ። አንደኛው መስመር ኡቡንቱ፣ ማለትም የእሱ ሊኑክስ። ሁለተኛው መስመር ዊንዶውስ ቡት ማናጀር።

«አለ! አለ እኮ ጋሼ!»

ድሮስ የት ይሄዳል? ቤት ተቃጠለ ተብሎ ሲሮጡ ደርሶ የበሩ ቁጥር ብቻ ወድቆ እንደማግኘት ነው። ሁለት ሲስተም የጫኑ ሰዎች ከሚደነግጡባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ይሄው ናቸው። ቤቱ አለ፣ እቃው አለ፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው የተቀየረው። በሩ ላይ የሚቆመው ደግሞ ቡት ሎደር ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ይሄን ጉዳይ አሁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግለሰቦች የተራዘመው የደህንነት አፕዴትም የታሰበው ለአንድ ዓመት ነበር። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ ከስምንተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ መሆን አለበት፤ እሱ ገበያ የወጣው በ2017 ነው። እኛ አገር በእጅ በእጅ የሚሸጠውን ያገለገለ ላፕቶፕ አስቡት። ስድስተኛ ጀነሬሽን፣ ሰባተኛ ጀነሬሽን ሞልቷል። ማሽኑ ደህና ነው፣ ይሠራል፤ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ። ስለዚህ ብዙ ሰው ዊንዶውሱን ሳይነካ ጎኑ ሊኑክስ መሞከር ጀምሯል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው በሩ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም። ማዘር ቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም ነው። ሁላችንም በልማድ ባዮስ እንለዋለን። ባዮስ ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣ የድሮ ሥርዓት ነው። አሁን ያሉት ማሽኖች ላይ የተተካው ዩኢኤፍአይ በሚባል ነው። ስሙን የቀየረ ሰው ግን የለም፤ «ባዮስ ግባ» ነው የሚባለው።

በድሮው አሠራር ዲስኩ መጀመሪያ ላይ 512 ባይት የምታህል ቦታ ነበረች። ከዚያ ውስጥ ለማስነሻው ኮድ የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ ነው። አንድ መካከለኛ የቴሌግራም መልእክት ይበልጠዋል። በዚያች ቦታ መቀመጥ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን እዚያ የነበረውን ሳይጠይቅ ደምስሶ የራሱን ይጽፋል። «ዊንዶውስ ሊኑክስን ይበላል» የሚባለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ያኔ ወሬው እውነት ነበር።

ዩኢኤፍአይ ጨዋታውን ቀየረው። ዲስኩ ላይ ፋት 32 በሚባል የፋይል አቀማመጥ የተሠራች ትንሽ ፓርቲሽን፣ ማለትም ተለይታ የተከፈለች የዲስክ ክፍል፣ አለች። ዊንዶውስ ራሱ ሲፈጥራት ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ናት። እሷ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሲስተም የየራሱ ፎልደር አለ። ለማይክሮሶፍት አንድ፣ ለኡቡንቱ አንድ፣ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ፌዶራ ቢጨመር ሌላ አንድ። ከዚያ ማዘር ቦርዱ ራሱ የሚይዘው ዝርዝር አለ፤ መጀመሪያ ይሄን ሞክር፣ ካልሆነ ያንን፣ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ ዊንዶውስ አፕዴት አድርጎ ሊኑክስ «ቢጠፋ» ብዙውን ጊዜ የሆነው አንድ ነገር ነው። ዊንዶውስ ራሱን ዝርዝሩ አናት ላይ አስቀምጧል። ባዮስ ገብቶ ቅደም ተከተሉን መመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የእህቴ ልጅ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። እሱ ጋ አናት ላይ ያለው ግራብ ነው። ግራብ አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የሚጠቀሙት ቡት ሎደር ነው። በ1995 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ያለ ነው። ሥራው ሜኑ ማሳየትና የተመረጠውን ማስነሳት ነው። ዊንዶውስን ግን እሱ ራሱ አያስነሳውም፤ ለዊንዶውስ ቡት ማናጀር አሳልፎ ይሰጠዋል። በር ላይ ቆሞ «አንተ ወደ ግራ፣ አንተ ወደ ቀኝ» እንደሚል ዘበኛ ነው።

ታዲያ ዊንዶውስ ከሜኑው ለምን ወጣ? ድሮ ግራብ ሜኑውን ሲያዘጋጅ ኦኤስ ፕሮበር የሚባል ረዳት ይልክ ነበር። ይሄ ረዳት እያንዳንዱን ፓርቲሽን እየከፈተ «እዚህ ሌላ ሲስተም አለ?» ብሎ ይፈትሻል። በ2021 የወጣው ግራብ 2.06 ግን ይሄን ረዳት እንዳይሠራ አደረገው። ምክንያቱ ደህንነት ነው፤ ሙሉ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም የማያውቀውን ፓርቲሽን ሁሉ እየከፈተ ማየቱ አደጋ አለው። ምክንያቱ ያሳምናል። ተጠቃሚው ግን ይሄንን የሚያውቀው ሜኑው ሲጠፋ ነው። በእርግጥ አፕዴቱ ሲሠራ «ኦኤስ ፕሮበር አይሠራም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ስክሪኑ ላይ እንደ ዝናብ ከሚወርዱት መስመሮች መሃል ማን አይቶት?

መፍትሔው አንድ መስመር ነበር። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ዲፎልት፣ እዚያ ውስጥ ግራብ የሚባል ፋይል አለ። «ግራብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር» የሚለውን መስመር ፈልጎ ከፊቱ ያለውን የመሰላል ምልክት (#) ማጥፋትና ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ «ፎልስ» ብሎ መጻፍ ነው። መስመሩ ከሌለ ራስ መጨመር ይቻላል። እነዚህ የመስመር ስሞች በካፒታል ይጻፋሉ፤ ቃላቱ በአንደርስኮር ይያያዛሉ፤ ክፍተት የላቸውም። ፋይሉን ሴቭ ካደረጉ በኋላ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ሱዶ አፕዴት ግራብ» ነው። አፕዴትና ግራብ መሃል ሰረዝ አለች። እሷን ረስቶ አልሠራ ያለው ሰው ብዙ ነው።

ትዕዛዙ ሲሠራ ከሚወጡት መስመሮች መጨረሻ አካባቢ «ፋውንድ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚል ይመጣል። የእህቴ ልጅ ይሄን ሲያነብልኝ ድምፁ ተቀየረ።

እዚያው ፋይል ላይ እያላችሁ ሌሎች ሁለት መስመሮች ብታስተካክሉ አይጎዳም። «ግራብ ታይምአውት» ሜኑው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ይወስናል። 10 ለእኔ ይበቃል። «ግራብ ዲፎልት» ዜሮ ከሆነ ሁሌም የመጀመሪያው ይነሳል። እሱን «ሴቭድ» አድርጋችሁ «ግራብ ሴቭዲፎልት» የሚለውን (ሴቭዲፎልት አንድ ላይ ነው የሚጻፈው) «ትሩ» ካላችሁት ደግሞ ባለፈው የመረጣችሁትን ያስታውሳል። ላፕቶፑን ከሊኑክስ ጋር ምንም ጉዳይ ከሌለው የቤተሰብ አባል ጋር የምትጋሩ ከሆነ ይቺ ትልቅ የቤት ሰላም ናት።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉን ነው። ወደ ከባዱ ልምጣ።

ከዊንዶውስ 8 ጊዜ፣ ከ2012 ጀምሮ፣ ሴኪዩር ቡት የሚባል ነገር መጥቷል። ማዘር ቦርዱ ፊርማ የሌለውን ቡት ሎደር አላስነሳም ይላል። ፊርማው ደግሞ አብዛኛው ፒሲ ላይ የማይክሮሶፍት ነው። ሊኑክስ እንዴት ያልፋል? ሺም በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሺም በማይክሮሶፍት ይፈረማል፤ ማዘር ቦርዱ ሺምን ያምናል፤ ሺም ደግሞ ግራብን ያስገባል። ዋስ ማለት ነው። ሊኑክስ ቤታችሁ የሚገባው በማይክሮሶፍት ዋስትና ነው ብል አላጋነንኩም። ለአንዳንድ የሊኑክስ ወዳጆች ይሄ እስከ ዛሬ የሚያንገበግብ ነገር ነው። አልፈርድባቸውም።

ዋስትናው የሚያስከትለው ነገር በኦገስት 2024 ታየ። የዚያን ወር የዊንዶውስ አፕዴት የጫኑ ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸውን ሊያስነሱ ሲሉ ማሽኑ እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ጽሑፍ ባጭሩ «አንድ ነገር ክፉኛ ተበላሽቷል» የሚል ነበር። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ጠዋት ላይ ማየት ቁርስ ያስተዋል። አፕዴቱ የድሮና የደህንነት ቀዳዳ ያላቸው ግራቦች እንዳይነሱ የሚያግድ ነበር። ማይክሮሶፍት ሁለት ሲስተም ያላቸው ማሽኖች ላይ አይጫንም ብሎ ነበር። ፍተሻው ግን ሁሉንም መለየት አልቻለም። ችግሩ በአፕዴት ሙሉ በሙሉ የተፈታው በሜይ 2025 ነው። ዘጠኝ ወር!

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ቀዳዳው የፈጠራ ወሬ አልነበረም። በ2020 ቡትሆል የተባለ የግራብ ድክመት ይፋ ሆኖ ነበር። የግራብን ቅንብር ፋይል በማበላሸት ሴኪዩር ቡትን ማለፍ እንደሚቻል ታየ። ከዚያ በኋላም ሌሎች ተገኝተዋል። ስለዚህ የቆየ ግራብን ማገድ ተገቢ ሥራ ነው። ጥፋቱ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። የጎረቤትህን በር ቁልፍ ስትቀይር ጎረቤትህ ውጭ መሆኑን መጀመሪያ ታያለህ።

ያኔ ሰዎች የተጠቀሙት ማምለጫ ዛሬም ማወቁ ይጠቅማል። ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ማጥፋት፣ ሊኑክስን ማስነሳት፣ ሞክዩቲል በሚባለው መሣሪያ የታገደውን ዝርዝር መሰረዝ፣ ሊኑክሱን አፕዴት አድርጎ ሴኪዩር ቡትን መልሶ ማብራት። ብዙዎች አጥፍተውት በዚያው ቀሩ። እኔ ባይቀሩ እመርጣለሁ።

ሌላም አለ። ማዘር ቦርዶች ውስጥ ያሉት የማይክሮሶፍት የማረጋገጫ ቁልፎች የወጡት በ2011 ነው። ሺምን ለመፈረም የሚያገለግለው የ2011 ቁልፍ (ሰርተፍኬት) የጊዜ ገደብ ጁን 2026 ነው። የተተካው በ2023 በወጣ አዲስ ቁልፍ ነው። በዚያ ቀን ኮምፒውተራችሁ ድርግም አይልም። የተጫነው ሲስተም መነሳቱን ይቀጥላል፤ ማዘር ቦርዶች ሲያስነሱ ቀኑን በአብዛኛው አይመለከቱም። ጣጣው ያለው ወደ ፊት ነው። በአዲሱ ቁልፍ ብቻ የተፈረመ ሺም፣ አዲሱን ቁልፍ የማያውቅ ማሽን ላይ አይገባም። አምራቹ የባዮስ አፕዴት ካቆመለት የቆየ ላፕቶፕ ጋር ያላችሁ ሰዎች ይሄን ልብ በሉት። ዊንዶውስ አፕዴትም፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኤፍደብሊውዩፒዲ የሚባለው መሣሪያም አዲሱን ቁልፍ ማስገባት ይችላሉ። ሁለቱን ሲስተሞች አፕዴት ሳያደርጉ ዓመት ማሳለፍ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

በእኔ ልምድ ግን ሰውን በእውነት ዳታ የሚያሳጣው ሴኪዩር ቡት አይደለም። ቢትሎከር ነው። ቢትሎከር የዊንዶውስን ዲስክ የሚቆልፍ ነው፤ ቁልፉን ቲፒኤም ቺፕ ውስጥ ያስቀምጣል። የአነሳሱ ሁኔታ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ሴኪዩር ቡት ከጠፋ ወይም ቡት ሎደር መሃል ከገባ፣ ቺፑ ይጠረጥርና ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። «እኔ ቢትሎከር አላበራሁም» የሚል ሰው አውቃለሁ። አላበራም፤ ዊንዶውስ 11 ራሱ አብርቶለታል። 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ወዲህ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ብዙ ማሽን ላይ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። ቁጥሩ የሚቀመጠው በአካውንቱ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ነገር ይመጣል። ላፕቶፑን የሸጠላችሁ ሰው ሲያዘጋጅላችሁ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ ቁጥሩ እሱ ጋ ነው ያለው። እሱ ደግሞ ኢሜይሉን ረስቶታል። ስለዚህ ሊኑክስ ለመጫን ፍላሽ ከመሰካታችሁ በፊት ቁጥሩን ፈልጉና ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ላይ ፎቶ አንሱት። ቢትሎከርንም ለጊዜው አቁሙት።

ፓርቲሽን መቀነስም እንደዚሁ ነው። ለሊኑክስ ቦታ የሚወጣው ከዊንዶውስ ድርሻ ላይ ነው። ይሄን ሥራ ለዊንዶውሱ ለራሱ ዲስክ ማኔጅመንት ተዉለት። ሥራው እየሄደ መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይቋቋማል፤ ባትሪው ከሞተ ግን ላፕቶፕም ዴስክቶፕ ነው። ዩፒኤስ የሌለው ሰው መብራት በሚመላለስበት ቀን ፓርቲሽን ባይነካ ጥሩ ነው። ባክአፕ ያዙ ማለቱንማ ሰው ሁሉ ይላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ሰው ግን ቢያንስ እሷን ፋይል ለራሱ ኢሜይል ያድርጋት።

ፋስት ስታርትአፕም አለ። ዊንዶውስ «ሸት ዳውን» ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ አንድ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ነው። የዲስኩን ሁኔታ እንደያዘ ይቆያል። በዚያ መሃል ሊኑክስ ገብቶ እዚያው ፓርቲሽን ላይ ልጻፍ ቢል ፋይል ይበላሻል። ሊኑክስ ይሄን ስለሚያውቅ «ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም» ይላል፣ ወይም ጭራሽ አይከፍተውም። ሰው ታዲያ ሊኑክሱን ይረግማል። ከኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቶ ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ነው።

አንድ ስህተት ደግሞ አለ፣ ከጠየቁኝ ሰዎች ግማሹ የሠራው። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ ተጭኗል፤ የሊኑክሱ ፍላሽ ግን በድሮው ባዮስ መንገድ፣ ሌጋሲ በሚባለው፣ ተነስቶ ተጫነ። ሁለቱ በአንድ ሜኑ አይገናኙም። ግራብ የቱንም ያህል ቢቀናበር ዊንዶውሱን አያስነሳውም። መጀመሪያ ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ክፈቱ። «ባዮስ ሞድ» የሚል መስመር አለ። ዩኢኤፍአይ ካለ፣ ፍላሹም ሲነሳ ዩኢኤፍአይ የሚለውን ምረጡ። ይቺን ቀድሞ ማየት ሙሉ ቅዳሜን ታተርፋለች። የእኔ አንድ ቅዳሜ በዚሁ ሄዷል።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ካለው ምን አስጨነቀኝ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ሊኑክስን ለትምህርት ብቻ የሚፈልግ ሰው ዊንዶውስ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም፣ ቢያስኬደው ይበቃዋል፤ ቡት ሎደሩ አይነካም። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱም ያቃስታሉ፤ ለየብቻ ማስነሳቱ ይሻላል። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ሁለት ዲስክ ነው። ዊንዶውስ በአንዱ፣ ሊኑክስ በሌላው፣ እያንዳንዱ ከነማስነሻው። ሊኑክሱን ስትጭኑ የዊንዶውሱን ዲስክ ነቅላችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ማን ማንን ይነካል? ምርጫው በኤፍ 12 ይሆናል። ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች የዲቪዲ ማጫወቻው ቦታ ላይ ሁለተኛ ዲስክ ይገባላቸዋል። አንዳንድ ባዮስ ግን ከዚያ ቦታ አያስነሳም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩ።

የእህቴ ልጅ ሜኑው ተመለሰለት። ጽሑፉንም አገኘ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ደወለ።

«ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ሰዓቱ ተበላሸ። 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ።»

ይሄ ባትሪ አይደለም። ሊኑክስ የማዘር ቦርዱን ሰዓት የሚይዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ሰዓት እንደ አገር ቤት ሰዓት ያነበዋል። እኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ልክ 3 ይሆናል። የሐበሻውን 6 ሰዓት ስትጨምሩበት ልጁ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ቢያቅተው አይገርምም። ሊኑክሱ ላይ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት ሎካል አርቲሲ 1» የሚለውን ትዕዛዝ አስጻፍኩት። ሴት፣ ሎካልና አርቲሲ የሚሉትን ሦስት ቃላት በሰረዝ አያይዛቸው አልኩት። አያያዛቸው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። አሁን ስንት ሰዓት ይላል?»

«21፡10።»

ሰዓቴን አየሁ። ከምሽቱ 3፡10። ልክ ነበር።